እሷ ወዴት ነው የምትሄደው?

ትኬት ቢሮ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ባትቆርጡም እንኳ ዋጋ ጠይቃችሁ “እናስብበታለን” ብላችሁ ለመውጣት? (እኔ ብዙ ጊዜ።) እንግዲያው ባንኮኒው ላይ የምትቀመጠውን ትንሽ አውሮፕላን አይታችኋታል። ሆዷ ላይ የታጠፈ ብረት ተሰክቶባት፣ ጎማዋን ሰብስባ፣ አፍንጫዋን ወደ ኮርኒሱ ቀስራ ትቆማለች። መቆም ካላችሁት ነው እንግዲህ። ለነገሩ እየበረረች ነው። በትክክል ለመናገር ደግሞ እየተነሳች ነው።

እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ ይህን ነገር ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። አሁን ግን ቦሌ በሉ ፒያሳ፣ የጉዞ ወኪል ባየሁበት ሁሉ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ላይ ነው። ያየኋቸው በሙሉ ሂያጆች ናቸው። ስታርፍ ያየኋት አንዲትም የለች። ነገሩ ይገባኛል፤ ትኬት ሻጭ የሚሸጠው መሄድን ነው። ታክሲ ውስጥ እንኳ “ወራጅ አለ!” የሚል ሰው አይጠፋም፤ እነዚህ አውሮፕላኖች ውስጥ ግን ወራጅ የለም።

ይህን ያስተማረኝ አባዬ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው።

አባዬ ጡረታ የወጣ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነው። ሙያው ላንዲንግ ጊር ነው፤ አውሮፕላን የምትቆምበትና የምታርፍበት እግር ማለት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሃንጋር ውስጥ የአውሮፕላን እግር ሲፈታ፣ ሲያጥብ፣ ሲገጥም ኖሯል። አውሮፕላን ለሱ ሁልጊዜ “እሷ” ናት። ማታ ሲገባ “ዛሬ እሷ አስመሸችኝ” ሲል እማዬ መጀመሪያ አካባቢ ሳትቀና አልቀረችም ይባላል። (ምንጭ፦ አክስቴ። ጋዜጠኝነት ተምሬያለሁና ምንጭ መጥቀስ ግዴታዬ ነው።)

ወንድሜ ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ነው የሚኖረው። ከሄደ 11 ዓመቱ ነው። “ወረቀቴ ሊያልቅ ነው” ማለት ከጀመረ ደግሞ 10 ዓመቱ። ወረቀቱ ሳያልቅ ከወጣ ተመልሶ መግባት አይችልም፤ ስለዚህ አይመጣም። እማዬ ግን በየዓመቱ “ለፋሲካ ይደርሳል” ትላለች። 33 ዓመት ሞልቶታል፤ ለእሷ እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው።

ባለፈው ክረምት ማሙሽ በመንገደኛ ዕቃ ላከ። ለእማዬ ጫማና ቫይታሚን፣ ለእኔ ቦርሳ፣ ለአባዬ ጠርዙ የተጨፈለቀ ካርቶን። ካርቶኑ ውስጥ ያልተገጣጠመ የቦይንግ 767-200 ሞዴል ነበር፤ መጠኑ 1 ለ144። እውነተኛዋ 48 ሜትር ተኩል ገደማ ስለምትረዝም የእኛዋ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች ማለት ነው። ክንፏም ከጫፍ ጫፍ ከዚያው ብዙም አያንስም። ክንድ የማትሞላ አውሮፕላን።

የአባዬ እጅ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ እሱ አለቃ፣ እኔ እጅ ሆንኩ። ጊዜ እንደሆነ ሞልቶኛል። በጋዜጠኝነት ከተመረቅኩ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የምሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲሆን የምጽፈው ዜና “እንኳን አደረሳችሁ” የሚል ነው። እሱንም በዓል ሲኖር።

የመጀመሪያው ጠብ የተነሳው ገና ሙጫ ሳይከፈት ነው። እማዬ “ቡፌው ላይ፣ ከማሙሽ የምረቃ ፎቶ አጠገብ፣ ከሥሯ ዳንቴል ተነጥፎላት” ብላ ወሰነች። አባዬ እምቢ አለ። አባዬ እማዬን እምቢ ሲል በሕይወቴ ያየሁት ሦስቴ ቢሆን ነው።

“መሬት ላይ ቆማ ሠላሳ ዓመት አይቻታለሁ” አለ። “አሁን ስትበር ልያት።”

ስትበር ማሳየት ቀላል መስሎኝ ነበር። ከኮርኒስ ማንጠልጠል ነዋ! ነገር ግን መመሪያ ወረቀቱ ላይ አንድ ቦታ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በአንደኛው ጎማዎቹ አይገጠሙም፣ የጎማዎቹ በሮች ተዘግተው ይጣበቃሉ። በሌላው በሮቹ ይከፈታሉ፣ ጎማዎቹ ይወጣሉ። ሙጫ ከነካው በኋላ ሐሳብ መቀየር የለም። እኔ ያለ ብዙ ክርክር “ይዘጋ” አልኩ። እንደ ትኬት ቢሮዎቹ፤ ወደ ላይ ቀስራ፣ በመስኮቱ በኩል ስትወጣ።

አባዬ መነጽሩን አውልቆ አየኝና “ወዴት ነው የምትሄደው?” አለኝ።

“ማን?”

“እሷ ናታ። የቆመች አውሮፕላን የትም ብትቆም ያው ናት። የምትበር ግን ከአንድ ቦታ ተነስታ ወደ አንድ ቦታ እየሄደች ነው። ወይ እየተነሳች ነው፣ ወይ መንገድ ላይ ነች፣ ወይ ልታርፍ ነው። እግሯ፣ አፍንጫዋ፣ ክንፏ በየጊዜው ይለያያል። እሱን ሳንወስን ምን ብለን እናጣብቃታለን?”

ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ሙሉ “ማን? ምን? መቼ? የት? ለምን?” ሲሉን ነው የኖሩት። “ወዴት?” የሚለውን አላስተማሩንም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ጎማው ይዘጋ ያልኩት ለውበቱ ብዬ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ከአንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ የተቀበሉኝ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። ለአባዬም ለእማዬም አልነገርኳቸውም። መልስ መስጫው ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አንድ ልጇ ሄዶ የቀረባት እናት ፊት ቆሞ “እኔም ልሄድ ነው” ማለት እንዴት ይጀመራል? እኔ አላወቅኩበትም። ስለዚህ ሳሎናችን ውስጥ አንዲት የምትሄድ አውሮፕላን ትሰቀልና እማዬ ትልመዳት ብዬ ነው። ፈሪ ነኝ፣ አዎ።

አንድ ማታ ከሥራ ስገባ ከሳሎን ድምፃቸው ተሰማኝ።

“እሷ ግን ወዴት ነው የምትሄደው?” ይላል አባዬ።

“መሄድ መሄድ ትላላችሁ” ትላለች እማዬ። “ማን ሂጂ አላት?”

አንድ ጫማዬን አውልቄ ሌላውን ሳላወልቅ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ደብዳቤውን አገኙት! ቦርሳዬን ዳበስኩ። አለ። ኢሜይሌን ከፍተው ይሆን? አባዬ እንኳን የኔን የራሱንም አይከፍት! እንደ ምንም ራሴን አረጋግቼ ገባሁ። ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰዋል። መካከላቸው ጋዜጣ ላይ የተኛው የአውሮፕላኗ ግማሽ ጎን ነው።

እፎይ አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ እፎይ በማለቴ አፈርኩ።

“ትምጣ እንጂ!” አለች እማዬ እኔን ስታይ፣ ዳኛ ያገኘች ይመስል። “የምትመጣ አድርጉልኝ። ከዚህ ቤት የሄደ ይበቃል።”

አባዬ ዝም ብሎ ቆየና ፈገግ አለ። “እውነትሽን ነው። ለነገሩ እሷ መጀመሪያውኑ የታወቀችው በመምጣት ነው” አለ።

ከዚያ ታሪኩን አወራልን። በግንቦት 1976 ዓ.ም. ማብቂያ (እ.ኤ.አ. 1984 መሆኑ ነው) የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋን 767 ሲረከብ፣ አውሮፕላኗ ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስታ የትም ሳታርፍ አዲስ አበባ ገባች። 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ። በዚያን ጊዜ ለባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን ክብረ ወሰን ነበር። አባዬ ያኔ ገና ሠልጣኝ ነው።

“ከዋሽንግተን?” አለች እማዬ።

“ከዋሽንግተን።”

“በ13 ሰዓት?”

“ከ17 ደቂቃ።”

ሌላ ምንም አልተናገረችም። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። በማግስቱ የጎማዎቹን በሮች ክፍት አድርጌ አጣበቅኳቸው።

አሁን እናንተም ብትሞክሩት የምትማሩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ፣ ሱፐር ግሉ መስታወት አጠገብ አይድረስ። የኮክፒቱን መስኮት በሱ አጣብቄ ጠዋት ሳየው ጉም ለብሷል፤ ተኑ ነው እንዲህ የሚያደርገው። አባዬ “አብራሪዎቹ በመሣሪያ ይግቡ” ብሎ አለፈኝ። ለመስታወት ነጭ ኮላ ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ግን የአባዬ የራሱ ግዛት ነው። የ767 ሁለቱ ዋና እግሮች እያንዳንዳቸው አራት አራት ጎማ አላቸው፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። መሬት ላይ ስትቆም አራቱም እኩል ይረግጣሉ። አየር ላይ ግን ክብደቱ ሲነሳላቸው የጎማዎቹ ተሸካሚ ያዘነብላል። 757 እና 777 ላይ ወደ ታች የሚንጠለጠሉት የኋላዎቹ ጎማዎች ናቸው። 767 ግን በተቃራኒው የፊቶቹን ነው ወደ ታች የምታደርገው፤ ጣቶቿን ዘርግታ ውኃ ልትነካ እንደምትል ሴት። ፋብሪካው የላከው ፕላስቲክ ግን ቀጥ ያለ፣ የቆመች አውሮፕላን እግር ነው።

“እንዲህ ብንሰቅላት እየበረረች አይደለም” አለ አባዬ። “መሬት ላይ እንደቆመች መሬቱን ነው ከሥሯ የወሰድንባት።”

ስለዚህ መገጣጠሚያውን በምላጭ ቆርጬ ጎማዎቹን አዘንብዬ እንደገና አጣበቅኩ። ጥፍር የማያክል ነገር ላይ ሁለት ምሽት ፈጀ። አባዬ አጠገቤ ሆኖ በማይንቀጠቀጠው ነገሩ፣ በድምፁ፣ ይመራኛል። “ትንሽ... ትንሽ... ቁሚ።” አውሮፕላን ወደ ማቆሚያዋ የሚመሩ ሰዎች እጃቸውን እንደሚያወናጭፉት ያወናጭፋል። ሠላሳ ዓመት ምን ሲሠራ እንደኖረ የገባኝ ያኔ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እኔ እስከዚያ ድረስ የማውቀው የቱታውን የዘይት ሽታ ብቻ ነበር።

ፍላፖቹ ላይ ተሸነፍን። ስታርፍ ከክንፎቿ ኋላ ወደ ታች መውጣት ነበረባቸው፤ ሞዴሉ ላይ ግን ከክንፉ ጋር አንድ ሆነው ነው የተቀረጹት። ቆርጦ ማውጣት ከኔ አቅም በላይ ሆነ። “ይሄን እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቀው” አለ አባዬ። አሁን እናንተም አወቃችሁ።

ቀጥሎ መስቀል መጣ። አባዬ ሁለት አመልካች ጣቶቹን ክንፎቿ ሥር አድርጎ አነሳትና ወደፊት ወደኋላ እያለ ሳትዘነብል የምትቆምበትን ቦታ ፈለገ። እዚያ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግን። ከመርካቶ የገዛሁት የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ሦስት ቦታ ታሰረ፤ ሁለቱ ክንፎቹ ላይ፣ ከምልክቱ ትንሽ ወደፊት ቀደም ብለው፣ ሦስተኛው ጅራቷ ላይ። ወደፊት የሚቀድሙት ጅራቷ እንዲከብድና የኋላው ክር ሁልጊዜ የተወጠረ እንዲሆን ነው። በአንድ ክር ብቻ ብትሰቅሏት በር በተከፈተ ቁጥር እንደ ሰከረ ሰው ትዞራለች።

የክሮቹ ርዝመት ነው እንግዲህ አቋሟን የሚወስነው። እኔ የምታርፍ አውሮፕላን አፍንጫዋን ወደ ታች የምትደፋ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ትልቋ የመንገደኛ አውሮፕላን እየወረደችም አፍንጫዋ ጥቂት ዲግሪ ወደ ላይ ነው። በእኛዋ ይህ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ከበለጠ እየተነሳች ትመስላለች፤ ከዚያ ካነሰ እየወደቀች።

የኮርኒሳችን ቺፑድ ምስማር አይዝም። ከላዩ ያለውን ሞራሌ በጣት እያንኳኳን ፈልገን፣ ከሞራሌ ሞራሌ ቀጭን ጣውላ መትተን፣ ክሮቹን እሱ ላይ አሰርን። ከመምታታችን በፊት ግን አባዬ ስልኬን ተቀብሎ ኮምፓስ እንድከፍትለት ጠየቀኝ። የቦሌ ማኮብኮቢያ በአንድ በኩል 07፣ በሌላው 25 ይባላል፤ 70 ዲግሪና 250 ዲግሪ ማለት ነው። አባዬ አፍንጫዋን 250 ላይ አደረገው። ቤታችን ገርጂ ስለሆነ እውነተኞቹ ሲያልፉ ይሰማሉ። “ከነሱ ጋር ትይዩ ትሁን” አለ።

ወለሉ ላይ ቆመን ስንለካ ከፍታዋ ልክ ሁለት ሜትር ሆነ። አባዬ የጋዜጣ ጠርዝ ላይ ማስላት ጀመረ። ሁለት ሜትር በ144 ሲባዛ 288 ሜትር። “አንድ ሺህ ጫማ ሊሞላት ትንሽ የቀራት ናት። እዚህ ከፍታ ላይ እግሯ ወጥቶ፣ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ማለቅ አለበት። ልክ ነን” አለ። ወደ ማኮብኮቢያ የሚወርዱት በሦስት ዲግሪ ነው፤ በየ100 ሜትሩ አምስት ሜትር ገደማ። ስለዚህ የእኛዋ በዚሁ ከቀጠለች 38 ሜትር ሄዳ ነው መሬት የምትነካው።

“38 ሜትር የት ነው?” አለች እማዬ።

ወጥተን ለካነው። ግድግዳችንን፣ አጥራችንን አልፎ የእትዬ ሱቅ በር ላይ ወደቀ።

“እዚህ ሳሎን አይደለም እንዴ የምታርፈው?”

“እዚህማ ገና አልደረሰችም” አለ አባዬ። “እየመጣች ነው እንጂ።”

እማዬ አልሳቀችም። ወንበር ላይ ወጥታ አንደኛውን ክር ያዘችና ሳብ ሳብ አደረገችው። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ለምን እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅናትም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነስታ 157 ሰው ይዛ የቀረችውን አውሮፕላን በዚህ ከተማ ያልተከታተለ የለም። ያን ቀን አባዬ ሬዲዮኑን ዘግቶ ግቢ ውስጥ እንደተቀመጠ መሸ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ለአውሮፕላን ድምፅ ሁሉ ጆሮዋን ትሰጣለች። ክሩን ብትፈትሽ ይበዛባታል?

“ይይዛል” አለች በመጨረሻ፣ ከወንበሩ ሳትወርድ።

ያኔ ነው የነገርኳት። እንዴት እንደጀመርኩት አላስታውስም፤ ሊዱም ሆነ ዝርዝሩ ተደበላልቆ ነው የወጣው። ደብዳቤ፣ አውሮፓ፣ ሁለት ዓመት፣ ያልነገርኩሽ እንዳይከፋሽ ብዬ፣ ካልሽም እቀራለሁ... አባዬ መሰላሉን እንደያዘ ቀረ። ፊቱን ሳየው እንዳልደነገጠ ገባኝ። ያ ሁሉ “ወዴት ነው የምትሄደው?” ለአውሮፕላኗ ብቻ ነበር? እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝም።

እማዬ ከወንበሩ ወረደች። ተቀመጠችበት። ረዥም ጊዜ ወደ ላይ እያየች ቆየች።

“ይቺ ከዋሽንግተን ነው የምትመጣው፣ አይደል?” አለች አባዬን።

“አዎ።”

“ከአውሮፓ የምትመጣውስ? እሷ በየት በኩል ነው የምትገባው?”

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። “ከየትም ትምጣ፣ የምታርፈው በዚሁ መስመር ነው። ነፋሱ ካልፈቀደላት፣ መንገዱ ካልተለቀቀላት ደግሞ እንደገና ትነሳና ዞራ ትመጣለች። ጎ-አራውንድ ይባላል። ዞረች ማለት ቀረች ማለት አይደለም።”

“ማሙሽም እንደዚያ ነው?”

“ማሙሽም እንደዚያ ነው።”

እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። “በሉ እጃችሁን ታጠቡ፣ ራት ቀዝቅዟል” አለች። ፈቃዱ ይኼ ነው። በአማርኛ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ፈቃድ ያገኘ ልጅ ካለ ይንገረኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ ከሥሯ ተቀምጬ ነው። ቪዛዬን እየጠበቅኩ ነው። የማሙሽ ወረቀትም አላለቀም። እማዬ በየጠዋቱ አቧራዋን በላባ ትጠርግላታለች፤ ስታበቃ ክሮቹን አንድ በአንድ ትስባለች። እንግዳ መጥቶ “አሃ፣ አውሮፕላን! ወዴት እየሄደች ነው?” ሲል መልሱን ከእሷ ቀድሞ የሚመልስ የለም።

“አትሄድም። እየመጣች ነው። 38 ሜትር ነው የቀራት።”